የፈረስ ጉልበት

ኔቫዳ፣ ቅዳሜ ማታ፤ የእሳት አደጋ ጓድ አዳራሽ፣
አሥራ አንድ ተመልካች፣ አንድ ማሞቂያ፣ እሱም አጫሽ።
ግድግዳው ላይ አንሶላ፣ አንሶላው ላይ ዝናብ፣
የፊልሙ ጭረት ነው እንጂ፣ ከዚህ ሰማይ መች ይታሰብ!

ከፊት ሉዌላ ታኬት፣ ሰማንያ ሦስት ሞልቷት፣
ምርኩዟን እንደ ልጓም ይዛ፣ ወንበሩ ኮርቻ መስሏት።

ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ከብት ጠባቂ አንድ ጎረምሳ፣
ባንክ የያዘበትን እርሻ በውድድር ሊያስመልስ ተነሳ።
ተቀናቃኙ ባለመኪና፣ ነጭ ጓንቲ፣ የተቀባ ጢም፤
ኮፈኑ ሥር ስልሳ የፈረስ ጉልበት፣ አንዱም ሣር አይቀምስም።

ደረቁ ሐይቅ ላይ ተሰለፉ። ሽጉጥ ተተኮሰ፤
ድምፅ የለውም ፊልሙ፣ አቧራው ግን ጆሮ ደረሰ።

ቡላው ላይ ተለጥፎ የሚጋልበው ጀግና፣
ፊቱን አታዩትም፤ ባርኔጣው ወርዷልና።
ዋናው ተዋናይ ፈረስ ፈርቶ ከድንኳን አልወጣም፤
በቀን ሦስት ዶላር ተከፍሏት፣ ታጥቃ ሱሪ የወንድሟን፣
ያ ጀርባ የሉዌላ ነው። ፈልጉ እስቲ መጨረሻው ላይ ስሟን።

መኪናው በሁለት ክንድ ቀድሟል፣ ቡላው አረፋ ደፍቋል፣
የኖራው መስመር ታየ፣ ግማሹን ንፋስ በልቶታል፣
ጠቅ።
አንሶላው ነጣ፤ ማሽኑ ባዶውን ፈተለ።
የመጨረሻው ጥቅል የታለ?
(መጋዘን ውስጥ ነዷል ድሮ፣ ከነቆርቆሮው፤
ይህን ሳልናገር ትኬት የቆረጥኩ እኔው።)

«ማን አሸነፈ?» አለ የሃርላን ትንሹ ልጅ፣ ፋንዲሻ ባፉ።
ሁሉም ወደ ሉዌላ ዞረ፤ ወንበሮች ሲጢጥ ብለው አረፉ።

«ወረቀቱ ላይ» አለች፣ «ፈረሱ ባፍንጫው ይቀድማል፤
ሐይቁ ግን የወረቀት ቃል መች ይሰማል?
በሦስተኛው ቀን ውሃው ፈላ፣ ሞተሩ ተነፈሰና ቀረ፤
ስልሳው ፈረስ ባንዴ ሞተ፣ ለቅሶ እንኳ አልነበረ።
ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ዳይሬክተሩ ባርኔጣውን ረገጠ፤
ባለጓንቲው መሪውን ይዞ እንደ ሙሽራ ተቀመጠ።
ገመድ ጣልኩ። ቡላው አንገቱን ደፋ፤
አንዱ ስልሳውን ጎተተ በኖራው ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ አቧራ ሳይነፋ።
ካሜራው ዞሮ እንደሁ አላውቅም።»

«ታዲያ ማን አሸነፈ?» ልጁ አልለቀቀም።

«ቡላውን በዚያው ክረምት ሸጡት፣ ጎማ ሊገዙበት።
መኪናው አለ፤ ከማደያው ጀርባ ዶሮ ታቅፍበታለች።»
ምርኩዟን አጠበቀች።

ሰው ሲወጣ ፊልሙን ወደ ኋላ ጠቀለልኩ፤
ማሽኔ አሮጌ ነው፣ መብራቱ አይጠፋም፤ ሳልፈልግ ተመለከትኩ፦
ቡላው የኋሊት ይሮጣል፣ አቧራውን ከሜዳው እየለቀመ፤
ጭሱን ሽጉጡ መልሶ ዋጠው፤ ቡላው መነሻው ላይ ቆመ፤
ባርኔጣው ቀና አለ፣ ላንዲት ቅጽበት፣
የሃያ ዓመት ልጅ ፊት፣ ሳቅ ያመለጣት።