ለመዝጋቢው የመጣ ጥያቄ

ከዶሃ ተላከልኝ፣ ስልኬን ሞልቶ መጣ፣
ሦስት ትምህርት ቤት፤ ሦስቱም ሣር ያለበት፣ ሦስቱም ፀሐይ የወጣ።
«አባዬ፣ መቼም አንተ የትምህርት ቤት ሰው ነህ፣
ሐሙስ የወንበር መያዣ ነው፤ የቱን ትላለህ?»

ቶይባ ናት፣ ልጄ። እኔ ምን አውቃለሁ?
ሠላሳ አንድ ዓመት ስም ስጽፍ ኖሬያለሁ፣
ደሴ፣ ሆጤ ግርጌ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣
በመስኮቷ የጦሳ ጉም ሲወርድ፣ ሲንከባለል።
ጃንጥላ አጥፈው፣ የጫማ ጭቃ አራግፈው፣
የክትባት ካርድና ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዘው
ለሚሰለፉት እናቶች አንድ ነበር ጥያቄዬ፦
«ሰፈርሽ የት ነው?» ከዚያ ማኅተሜ፣ ከዚያ ፊርማዬ።
ማንም አልመረጠም። ቅርብ የሆነው ገባ፤
ሩቅ የሆነው ተመለሰ፣ እናቱ እያባበለችው፣ እያነባ።

አንደኛው የእንግሊዝ ነው፤ መዋኛ ገንዳ አለው፣
ፎቶው ላይ ያለ ልጅ ሁሉ እየሳቀ ነው።
ክፍያውን ወደ ብር መታሁት በካልኩሌተር፣
ደገምኩት፤ ዜሮው አልቀነሰም፤ እንዲያውም የጨመረ ይመስል ነበር።
የጡረታ ደብተሬን መለስኩት ከመሳቢያው ሥር።

ሁለተኛው የሕንድ ነው፤ ዋጋው ደህና፣ ሒሳቡ ብርቱ፣
«ግን አባዬ፣ አርባ ልጅ ናቸው በአንድ ክፍል፤ አይበዛም?» ብላ ጽፋለች በድንጋጤ።
(አርባ! እኔ ዘጠና ሁለት ጽፌ አውቃለሁ
በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ በሆጤ።)

ሦስተኛው የዐረብ ነው፤ ቁርኣንም ያስቀራል፣
በረመዳን ሰዓቱ በግማሽ ያጥራል።
ባሏ ይህን ወዷል። እሷ ታመነታለች፤
«እንግሊዝኛቸውስ?» ትላለች፤ ከዚያ ዝም ትላለች።

ቅጹንም ልካዋለች። መነጽሬን ሳደርግ አንድ መስመር ያዘኝ፦
«በቤት ውስጥ የሚነገር ቋንቋ»፤ ባዶውን ተትቶ አገኘሁት፤ ጨነቀኝ።
ረያን ለእህቱ እንግሊዝኛ ነው፣ ለሹፌሩ ዐረብኛውን፣
ለእናቱ ቅይጡን፣
ለእኔ «አባባ፣ ደህና ነህ?» ብሎ ለኢልሃም ያቀብላል ስልኩን።

እኔ የምጠይቀው በወረቀቱ የለም።
ያረፈደውን ልጅ ዘበኛው በስሙ ይጠራዋል? ወይስ በር ላይ ያቆመዋል፣ እንደ ሌባ፣ ዝም?
እርሳሱ ቢጠፋበት፣ ከጎኑ ካለው ወንበር
የራሱን ለሁለት ሰብሮ የሚያካፍለው ይኖር?

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ለማንም ያልተናገርኩት።
«ሁሉም ትምህርት ቤት አንድ ነው» እያልኩ ቀኑን ሙሉ ለወላጅ፣
አንድ የነሐሴ ማታ ኮቴ ውስጥ ደበቅኩ የአንዲት ልጅ
የልደት ወረቀት። የቶይባን። ከገዛ መዝገቤ ሰርቄ
ሰኞ ገበያን አቋረጥኩ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ተደብቄ።
እዚያ ማዶ ጣሪያው አያፈስም፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ነው፤
የኛ አምስት ነበር፤ ከእኔ የተሻለ ይህን የሚያውቅ ማነው?
«ለምን ያንተ ትምህርት ቤት አልገባሁም?» ስትለኝ፣
«ያኛው ለቤት ይቀርባል» አልኩ፤ ሌላ አልመጣልኝ።
በየማለዳው አርባ ደቂቃ፣ ግማሹ ዳገት፤
ደግማ አልጠየቀችኝም። እግሯ ግን ሳያውቀው አይቀርም ያንን ውሸት።

ማታ ደወለች። መብራት የለም፤ ጉሙ ደጃፍ ደርሷል።
«አነበብከው?» አለችኝ። «አንብቤዋለሁ፤ ገብቶኛል።»
ያነበብኩት ግን ካላንደሩን ነበር፣ ሦስቱንም፣ በጣቴ፣
በሻማ፣ እንደ ድሮው የስም ጥሪ፣ ሳልዘል አንድ እንኳ፣ በሞቴ፦
የእንግሊዙ ዕረፍት ሰባት ሳምንት፣ የዐረቡ ስምንት፤
የሕንዱ ዘጠኝ፣ አራት ቀን ጭማሪ፤ ነሐሴን ሙሉ እዚህ ቢቆዩበት
እሸቱ ይደርስላቸዋል።

«የሕንዱ ይሻላል» አልኳት።
«ለምን?»
«ሒሳባቸው... ጠንካራ ነው።»
ዝም አለች። ከዶሃ እስከ ደሴ የሚሰማ ዝምታ ነው።
«ለቤትም ይቀርባል፣ አይደል አባዬ?» አለችና ሳቀች።
ለካ ዳገቱን ስትወጣ ቆጥራው ነበር፤ አንድ በአንድ አውቃ ነበር፤ ችላኝ ነበር፣ ልጄ፣ ያኔ እንደወጣች።
መልስ ሳልሰጣት
ኔትወርኩ ይሁን እኔ፣ አንዳችን ተቋረጥን።