ዳገቱን በአራተኛ

ደጀን፣ ከዋናው መንገድ፣ ከጎሚስታው ቀጥሎ፣
አንዲት ክፍል አለችኝ፣ በሯ በሰማያዊ ተኩሎ፤
የሰው ሰርግ አቀናብሬ በልቼ የማድርባት፣
አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ሁለት ወንበር ያለባት።

ኮምፒውተሩ ሽማግሌ ነው።
ከመርካቶ በጆንያ ተጠቅልሎ የመጣ፣
ከእኔ በፊት ለሦስት ጌታ አገልግሎ የወጣ።
ግራፊክስ ካርዱም እንዲሁ፤
አንዱ ማራገቢያው ደህና፣ ሌላው እያቃሰተ፣
ስንቱን ሙሽራ ከነሚዜው ፍላሽ ውስጥ አስከተተ።

ይበልጣል መጣ ከማርቆስ፤
የአክስቴ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሦስተኛ ዓመት፣
እንደ ስሙ፣ ባለው ነገር የማይረካ ፍጥረት።
«ምነው ያዘግማል?» አለ። «ፋብሪካው ፈርቶለት
ልኩን አሳጥሮበት ነው፤ ክሎኩን ከፍ እናድርግለት፤
በነፃ ነው ፍጥነት።»

ነፃ የሚል ቃል ስሰማ መቼ ጠይቄ አውቅና!
ገፋ አደረገው፤ ቮልቴጁንም ጨመረና፣
ያን ሌሊት በረረ።
የስምንት ሰዓቱ ሥራ በአምስት ተጠናቀቀ፤
ይበልጣል በድል ተኛ፣ የእኔም ልቤ ሞቀ።
ካርዱም ሞቆ ነበር፤
እሱን ማን ጠየቀ?

በሦስተኛው ቀን የአዝመራን ሰርግ ከፍቼ፣
ሽኝቱን አውጥቼ፣ ወደ ኬኩ ገብቼ፣
አረንጓዴ መስመር በግንባሯ አለፈ፤
ጉንጯ በአራት ማዕዘን እንደ ዳማ ተጠለፈ፤
የሙሽራው አንገት ከትከሻው ሸሽቶ ጎን ቆመ፤
ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ፣ ጮኸና፣
ስክሪኑ ጨለመ።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ገመዱን ነው።
ነቀልሁ፣ ሰካሁ፤ ከጎረቤት ሞኒተር ተዋስሁ፤
ያው ነው።
ድራይቨሩን አጥፍቼ እንደገና መለስሁ፤
ያው ነው።
መብራት ኃይልን ረገምሁ፤ መብራቱ ግን ያን ቀን፣ ለጉድ፣
ብልጭ እንኳ አላለም።
ይበልጣል ጋ ደወልሁ፤ «ፈተና ላይ ነኝ» አለኝ፤ ሌላ አላለም።

ሽፋኑን ፈታሁት።
የስንት በጋ አቧራ ከበረሃው የወጣ
በማራገቢያው ክንፍ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተኝቷል፤
የቺፑ ቅባት ደርቆ እንደ ማሳ ተሰነጣጥቋል።
በብሩሽ፣ በአፌ፣ በጎሚስታው ንፋስ፣
የካርዱን ጥርሶች፣ ያን ስስ ወርቅ፣ በልጄ ላጲስ ሳብስ፣
መሪጌታ ገዳሙ በበር ሲያልፉ «ምን ትፈትጋለህ?» አሉኝ።
«ወርቁን» ስላቸው፣
«ሰሙስ?» ብለው ሳቁብኝ።

ሰሙ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ መጣ፤
የሽምብራ ፍሬ ታክል ጠብ አደረግሁ።
አሥር ደቂቃ ሠራ፤
ተመስገን ልል አፌን ስከፍት፣ ጨለማ ውስጥ ቀረሁ።

ጋሽ ልየው የደረሱት ይኼኔ ነው።
የሙሽራዋ አባት፤ ሠላሳ ዓመት በኤንትሬ
ዓባይ በረሃን የወጡ፣ የወረዱ።
እንደምንም አስነሥቼው፣ ልጃቸውን አዩዋት፣ በካሬ ተሸንሽና።
ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ስደፋ፣ እጃቸውን ላኩና
ሳጥኑን ዳበሱት፣ እንደ በሬ ሽንጥ።
«ሞቋል። ጫንህበት?»
«ትንሽ።»
«ዕድሜውን ሳትጠይቅ!
ስማኝ፣ ያን ዳገት በአራተኛ የወጣ ሹፌር የለም።
አዲስ መኪና ይዞ የሞከረ አይቻለሁ፤
ከድልድዩ በላይ ኮፈኑን ከፍቶ ውኃ ሲለምን፣
እኔ በአንደኛ እያዘገምሁ አልፌው፣
ደጀን ምሳዬን በልቼ ስመለስም እዚያው ነው።
ማርሽ ቀይር፤ መድረስ እንደሁ አይቀርም።»

የተጨመረውን ሁሉ አንድ በአንድ አወረድሁት፤
ክሎኩን ፋብሪካው ካለውም በታች አሳነስሁት፤
ማስተካከያውንም «ያንሳል» ብዬ ሰየምሁት።

ሌሊቱን ሙሉ ሠራ።
ከበረሃው የሚወጡት ከባዶች ያጓራሉ፣ እሱም ያቃስታል፤
ሲነጋጋ የትኛው የማን ድምፅ እንደሆነ ጠፍቶኝ ነበር።

ጋሽ ልየው ጠዋት መጥተው ሽኝቱን ሁለት ጊዜ አዩ።
በአዲሱ፣ በጥሩው፣
ልጃቸው መኪና ስትገባ ግድግዳ ተደግፈው
ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ፣ በጋቢ ጫፍ ሲያብሱ፣ ጥርት ብሎ ይታያል።
በአሮጌው፣ ካርዱ ሳይጨልም ባወጣው፣
ፊታቸው የለም፤ አረንጓዴ ዳማ ነው።
«ይኼኛውን አስገባ» አሉኝ።
«የተበላሸው ነው እኮ ጋሼ።»
«አውቃለሁ።»

እነሆ በአዝመራ ሰርግ፣ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ፣
ከአረንጓዴው ሥር ማን እንዳለ እኔና ካርዱ እናውቃለን።
ምን ሆኖ ነው? ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ፣
«ሞቆት ነው» ይላሉ አሉ።