ሁለት ነጭ ጋዎን

ደወል የሌለበት አራት ቀን ደረሰኝ፤
ዐይኔ መች ሰምቶ? ባሥራ አንድ ቀሰቀሰኝ።
እግሬ አልጋው ሥር ገብቶ ጫማ ይዳብሳል፣
ሃያ ዓመት የኖረ ልማድ መች ይረሳል።
መብራት ሳላበራ፣ ክፍል እንደገባ ሰው፣
ስም ጥሪ ጀመርኩኝ፣ ድምፄን ሳላሰማው።

ሶስና፦ አለች።
ብርድ ልብሱን ረግጣ፣ እግሯ ግድግዳው ላይ፣
የተቆጣሁበት ቀይ ጥፍሯ ብቻ ሲታይ።

በእምነት፦ አለ።
አንድ ጥርሱ ግን ቀሪ።
ትናንት ነው የወለቀው፣ ዳቦ ሲገምጥ ማታ፤
"ጣራ ላይ ይጣልልኝ" ብሎን በለቅሶ ፈንታ።
ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ጣራ ከየት ይምጣ? ከበላያችን ሌላ ሰው ነው እንጂ ሰማይ?
ወገቡን ይዤለት፣ በመስኮት ወርውሮ፣
ጧ! አለ የዘበኛው ቤት ቆርቆሮ።
ጋሽ ቱሉ ወጡ፣ በረዶ መስሏቸው፤
እኛ ከመጋረጃ ኋላ፣ ሳቅ አፍኖን፣ አየናቸው።

ትርሲት፦ ቀሪ።
ጥቁር አንበሳ ናት፣ የሌሊት ተረኛ፤
ምጥ በዓል አያውቅም፣ አያውቅም እረኛ።

ጎህ ሲቀድ መጣች፣ ጫማዋን አውልቃ፣
አራቱን ፎቅ በካልሲ፣ ለጎረቤት ተጠንቅቃ።
"ሌሊቱ እንዴት ነበር?"
"አምስት ወለዱልኝ። አንዷ አስፈርታኝ ነበር።"
ይህን ብላ ተኛች። የኛ ፈንታ ሆነ
ቤቱን በሹክሹክታ ማስተዳደር።

ሽሮውን እኔ ሠራሁ። አረረ። በእምነት ቀመሰና
"ጎበዝ፣ አባዬ" አለኝ፣ ፊቱን ጨምደደና።
በስንት ደብተር ጥግ ላይ "ጎበዝ" ጽፌያለሁ፤
ሲሰጡኝ እንዴት እንደሚጣፍጥ ገና ዛሬ ቀመስኩ።

ከሰዓት ውሃ ጠፋ። ፓምፑ ሞተ ተባለ።
ጀሪካን ደረጃው ላይ ከላይ እስከ ታች ዋለ።
ሊጠግን የመጣው ልጅ፣ መፍቻ በኪሱ፣
ገና ሳየው አወቅሁት፤ ምንያህል ነው እሱ።
ሰባተኛ "ለ"፣ ከኋላ፣ መስኮቱ ጥግ የሚቀመጠው።
"ምንያህል?" ስል ስም ስጠራ፣ ክፍሉ በሳቅ ይፈነዳል፤
እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስቄ ይሆናል።
(ስቄያለሁ።)
ሦስት ከአሥር ሰጥቼዋለሁ፣ በቀይ ከብቤ።
ዛሬ ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጠፈ፣ አዳመጠ፣
አንድ ቡሎን አጠበቀ፣ ውሃው ሽቅብ ሮጠ።
"ስንት ልክፈልህ?" ብዬ ኪሴን ስዳብስ፣
"ቲቸር፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ ምን ያህል?"
ሳቀ፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።
ያቺ ሦስት ጉሮሮዬ ላይ ቀረች።

ጋሽ ሳህሌ ሱቁን ዘግተው፣ ለመስቀል አገራቸው ገብተዋል።
ሲሄዱ ዘይት ሰጡኝ፤ ከዱቤው መዝገብም
የኔን ገጽ ቀደው፣ "ሒሳብ አስተማሪ አይደለህ?
አንተው ደምረህ ጠብቀኝ" አሉኝ።
ሁለት ጊዜ ደመርኩት። ያው ነው።
ያመነኝን ሰው ግን የምደምርበት ዓምድ አጣሁ።

የደመራው ማታ፣ ግቢው ውስጥ፣ ልጆች ትንሿን አቆሙ፤
ካርቶን፣ እግሩ የወለቀ ወንበር፣ የጋሽ ቱሉ አሮጌ መጥረጊያ፣
ጫፏ ላይ አደይ።
ወዴት ትወድቅ ይሆን? ሁሉም አንገቱን አሰገገ።
ተንገዳገደች፣ ተንገዳገደች፣
ወደ ውሃ ታንከሩ ወደቀች።
"ዘንድሮ ውሃ ነው!" አለ አንዱ። እልልታው ፎቁን ነቀነቀ።

እሑድ ከሰዓት። ነገ ደወል።
ትርሲት ታጥባለች፣ እኔ እጨምቃለሁ፤
ሁለት ነጭ ጋዎን፣ ሰገነቱ ገመድ ላይ።
አንዱ ጠመኔ የጠጣ፣ አንዱ አዮዲን የነካው፤
ከታጠቡ ወዲያ ግን የቱ የማን እንደሆነ
ሶስና እንኳ ለመለየት ኪሱን ማየት ነበረባት።
የመስከረም ነፋስ መጥቶ እጅጌ ከእጅጌ አጠላለፈ።

ጸሎት ላይ ሰነፍ ነኝ፤
ምስጋና በየት በኩል እንደሚጀመር አላውቅም።
የማውቀውን አደረግሁ፣ ስም ጠራሁ፦
ሶስና። በእምነት። ትርሲት።

"ምንድነው?" አለች ትርሲት፣ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ።

"ምንም" አልኳት።
"ሁሉም አለ።"