ጠያቂ

በኅዳር አጋማሽ፣ ኮትካ ወደብ ላይ፣
ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ሲጠቁር ሰማይ፣
ኢርሜሊ መጣች ሦስት ፎቅ ወጥታ፣
የስምምነት ቅጹን ማኅደር ውስጥ ከትታ።
«እዚህ ጋ ይፈርሙ። ስም አይጠቀስም፤
ላቁም ካሉም ማንም ለምን አይልዎትም።»

ካሌርቮ ፈረመ። ክሬን ነጂ ነበር፣
አርባ ዓመት ከላይ ሆኖ ዕቃ ሲያሻግር፤
እስክሪብቶዋ ጠፍታ በሰፊው መዳፉ
ከመስመር ወጣበት የፊርማው ጫፉ።

ሰጠችው ትንሽ ስልክ፤ ቁልፎቿ ሰባት፤
በቀን አምስት ጊዜ፣ ባልታሰበ ሰዓት፣
ትጮኻለች። ጽሑፍ ይበራል ፊቷ ላይ፦
    «አሁን፣ በዚች ደቂቃ፣ ምን ያህል ብቸኝነት ይሰማዎታል?
    አንድ፦ ምንም። ሰባት፦ እጅግ በጣም።»
ሩብ ሰዓት ትጠብቃለች። ከዚያ ዝም።

ዐሥራ አራት ቀን። ሰባ ጥሪ።
ኢርሜሊ ቢሮዋ ተቀምጣ ስታይ፦
አራት። አራት። አራት።
አራት ቁርስ ላይ፣ አራት እኩለ ቀን፣
አራት በረዶ ሲጥል፣ አራት ሲያባራ፣
እንደ ዕቃ ባቡር ፉርጎ ተራ በተራ።
«ሳያነብ ነው እንዴ የሚነካካው?»
ብላ ጠረጠረች፤ በቀይ አሰመረችው።
አንዲት ብቻ ባዶ፦ ሐሙስ፣ ምሽት አንድ ሰዓት።
መመሪያው ይላል፦ መልስ ከጎደለ
ዘጠና ዘጠኝ ይጻፍ። ምክንያት አይፈለግም።

ስልኳን ልትወስድ ስትመለስ፣ ጠረጴዛው ላይ
ፎጣ አንጥፎላት፣ እንደ እንግዳ አስቀምጧታል።
«አራት ያልሁሽ» አለ፣ «ዝም ብዬ አይደለም።
ከመጮኋ በፊት ሰባት ነኝ፤ ሁልጊዜም።
ስትጮኽ፣ እንዴት ነህ ስትለኝ፣ ወደ አንድ እወርዳለሁ፤
ደምሮ ለሁለት ማካፈል እኔም እችላለሁ።»

«የሐሙሱስ?»
            ወደ መስኮቱ ዞረ።
«የሐሙሱን እንኳ ሆድ ይፍጀው ልል ነበር።
አውኔ የሞተችበት ቀን ነው። ሰባትም አነሰኝ።
ቁልፉን ትቼ በአፌ ነገርኋት፤ ስነግራት፣ ስነግራት፣
ሩብ ሰዓቷ አልቆ ጠፋች፤ እኔ አላበቃሁም።»
ከዚያ፣ ዓይኑን ሰብሮ፦
«ከበጀታችሁ የማይጎድል ከሆነ…
ጠያቂዬን አትውሰጂብኝ።»

ማኅደሯን ገለጠች። ለዚህ የሚሆን ዓምድ የለም።
ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ወይዘሮ ነገ ይጀምራሉ፤
ስልክ ደግሞ ያለችው ይቺው ናት።

ኪሷ ከታት ደረጃው መሃል ስትደርስ
ጮኸች። ሰባ አንደኛዋ። ማን አጥፍቷት!
    «አሁን፣ በዚች ደቂቃ…»
የደረጃው መብራት ጊዜውን ጠብቆ ጠፋ።
አውራ ጣቷ ከቁልፎቹ በላይ ቆሟል፤
ከላይ የካሌርቮ በር ገና አልተዘጋም።