ተንሳፋፊ ጠብታ

ጣቴን ወጋችኝ።
«ዐይንሽን አዙሪ» አለችኝ፤ አላዞርኩም።
እኔ በፈረቃ ስምንት ሰዓት ቁልፍ ስተክል የምውል ነኝ፣
መርፌ ያልጎበኘው ጣት የለኝም።

ድንኳኑ ከገብርኤል ወረድ ብሎ ተተክሏል።
እሑድ ነው፤ ባጃጆቹ ይንጫጫሉ፤
አንድ አባ ኮዳ ከመብራት ምሰሶው ጫፍ
እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቁልቁል ያየናል።

ሲስተር ቀመሪያ ጠብታዬን
ሰማያዊ ውሃ ካለበት ብልቃጥ ጣለቻት።
«ከሰመጠች ትሰጫለሽ። ከተንሳፈፈች ግን…»
የቀረውን ዋጠችው።

ሁለታችንም አጎነበስን።
ጠብታዬ ጥቂት ወረደች፣
ስሟን እንደጠሯት ሁሉ መሃል ላይ ቆመች፣
ከዚያ ዞራ ወደ ላይ፣
እንደ ላንቃሞ ታንኳ፣ በጠዋት፣ ባዶዋን፣
ቀለል ብላ ተንሳፈፈች።

«ብረት አንሶሻል።»

ብረት!
አባቴን ሰፈሩ «ብረት መዝጊያ» ነበር የሚለው፣
ስንቱ የተጠጋው፣ ስንቱ የተጠለለው።
እኔ ደግሞ ልጁ፣ መቀስና መርፌ፣ ማሽን ተሸክሜ፣
ቀን ከብረት ውዬ፣ ሌት ከቆርቆሮ ሥር ብረት ተከናንቤ፣
እንዴት አንዲት ቅንጣት ሾልካ አትገባም ደሜ?

«ዕዳ አለብኝ እኮ» አልኳት።
እህቴ ታሪኳ መንታ የወለደች ለት
ደሟ እንደ ፈረሰ ቦይ አልገታ ሲል
ከማቀዝቀዣ የወጣ ከረጢት መጣልን፣
ስም የሌለው፣ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት።
ሁለት ከረጢት። ቆጥሬያለሁ።
እናቴ የምትመርቀው ሰው ብታጣ
ባዶውን ላስቲክ ሳመችው።

የደም ዕዳ ሲሉ ሽማግሌ ይቀመጣል፣
ካሣ ይቆረጣል፣ ወንድም ከወንድም ይሸሻል፤
የኔ ደመኛ ግን ማንንም አልገደለ፤
ምናልባት አሁን ባጃጅ እየነዳ በአጠገቤ አለፈ፣
ምናልባት ሒሳብ አስተማሪ ነው፣ ምናልባት ሞቷል።

ሲስተር ቀመሪያ ትጽፋለች፤
«ቀይ ሥጋ ብዪ። ጉበት። ምስር፣ ጎመን፣
ሎሚ ጨመቅ አድርጊበት። ሻይ ከምግብ ጋር ተዪ።
ጤና ጣቢያ ሄደሽ ታዪና ክኒኑን ጀምሪ፤
በሦስት ወር ተመለሺ።»

ቀይ ሥጋ እንኳ፣ በኔ ደሞዝ፣
ሥጋ ቤቱ መስኮት ላይ የሚበራው ቀይ አምፖል ነው፤
እሱን ስወጣ ስገባ በነጻ በልቼዋለሁ።
ጎመን አለ፣ የአከራዬ ጓሮ። ምስር አያቅተኝም።
የከበደኝ ሻዩ ነው፤
የዕረፍቴ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉው እሱ ነበር።

ደግሞ ማንም ያልመዘገበው አለ፤
ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ በየወሩ የሄደው፣
ያለ ወረፋ፣ ያለ ምስክር ወረቀት፣
ያለ ብስኩትና ለስላሳ።

ብስኩቱን ግን ሰጠችኝ።
«ሳልሰጥ?» ብላት
«ለሞከረም አለ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ክኒኑ የዛገ ሚስማር ይላል፤
ሆዴን ያጉረመርመዋል፣ ሽንት ቤት የማየው ጥቁር ነው።
ይህ ግጥም ውስጥ አይገባም ይሉኛል።
ገባ።

አሁን ሠላሳ አንድ ቀን ሆነኝ፣
በግድግዳው ቆርቆሮ ላይ በልብስ ኖራ እየጫርኩ።
ማምሻውን አሞራ ገደል ወረድኩና
ከዳር ቆሜ ጠጠር ወደ ሐይቁ ጣልኩ።
ሰመጠ። ሌላ ጣልኩ። ሰመጠ።

ላንቃሞ መረቡን እየፈታ፣ «ምንድነው እሱ?» አለ።
«ልምምድ።»
«የምን?»
«የመስመጥ።»
ደንግጦ ታንኳውን ወደኔ ገፋ፤
እስኪያምነኝ ድረስ ሁሉንም ከመርፌው ጀምሬ ነገርኩት።
ዝም ብሎ ቆየና
«ዓሣስ ብረት አለው?» ሲል ጠየቀኝ።
አላውቅም አልኩት።
ሁለት ቆሮሶ መርጦ በላስቲክ ቋጠረልኝ።

እስከ መንገዱ ድረስ
እጅ እየቀያየርኩ ወጣሁ፤
ይከብዱ ነበር።