ወረቀት ገዳይ

ከቁራሌው ገዛሁት፣ በሚዛን፣ በኪሎ፣
ከአልጋ ሽቦ ጋራ በአንድ ገመድ ታስሮ፣ ጋሪ ላይ ተጥሎ።
«ስድስት ኪሎ ተኩል፤ እንጨቱ ምርቃት፣
ቢከፋ ቢከፋ ይሆንሃል ለ'ሳት።»

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ የአዳማ ፀሐይ አናት በሚበሳበት፣
በነጭ ጋዝ ፋቅሁት፣ በጨርቅ፣ በጥርስ ብሩሽ፣ ሦስት ሳምንት።
ዝገቱ ሲለቅቅ ፊደል ብቅ አለ፣
ቁጥር ተከተለ፣
ትንሽዬ ዘውድ፣ ጥፍር የማታክል፣
ከሥሯ የሠሪው ስም፣ ግማሹን ዝገት በልቶት፣ ግማሹ ሲንተባተብ «እኔ ነኝ» ለማለት ሲል።

ጋሽ ሸዋረጋ መጡ በከዘራ፤
በሦስት ጣታቸው ዳሰሱት፣ ደረታቸው ኮራ፤
«ይኸ ነፍጥ» አሉኝ «ብዙ ደም የለመደ፣
ስንቱን ባለጎራዴ ከፈረስ ያወረደ!
ማንን ገደለበት ባለቤቱ? ጠይቅ፣
ፉከራ እንድንደርስለት፣ ስሙ እንዲደምቅ።»

ጠየቅሁ።
ሠላሳ ዓመት የምድር ባቡር ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ፤
ፈረንሳይኛዬ «ደረሰ»፣ «ተሰበረ»፣ «ጎደለ»፣
ለፍቅር አይበቃም፤ ለመዝገብ ግን አለ።
ጣቢያው የቀረው ግድግዳ፣ የቀረው ርግብ ነው፤
መዝገቡን ያገኘሁት ደረጃው ሥር፣ ምስጥ ሊጨርሰው አንድ ክረምት ሲቀረው።

ገጽ ገልጬ ገጽ፣ በአጉሊ መነጽር፣
ሲሚንቶ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ አንድ በርሜል ምስማር፣
ከዚያ፦ «አንድ ሣጥን። ውስጡ፦ አንድ ጠመንጃ፣ አሮጌ፣ በአፉ የሚጎርስ፤
የኢላማ መምቻ። ተረካቢ፦» ነጥብ ብቻ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ።

ያ ሁሉ ጭረት ማነጣጠሪያው ላይ፣ እንደ ፀጉር የሳሳ፣
ያ ሁሉ የሰው ዓይን፣ አንድ ክብ ወረቀት በሁለት መቶ እርምጃ ሊበሳ!

ለጋሽ ሸዋረጋ ነገርኳቸው፤ ዝም አሉ ለጥቂት፣
«ወረቀት ገዳይ» ብለው ሄዱ፣ እንደ መቀየም፣ እንደ መሳቅ ዓይነት።

ፖሊስ ጣቢያ፣ ቅጹ ላይ፦ «ካዝናው ስንት ይይዛል?»
«ካዝና የለውም። አንዷንም በአፉ በኩል ይቀበላል።»
ሳጅኑ ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ፦
«እንደ ሕፃን?»
«እንደ ሕፃን፤ ካላጎረሱት አይበላም።» ፈቃዱን አተመልኝ።

ኦብሴ፣ ባጃጅ አዳሿ፣ ቶርኖዋ ላይ ተጎንብሳ፣
የእሳቱን ጡት ቀረጸችው፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፤
ጎሚስታው የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ በጣሳ ሰጠኝ፣ አቀለጥኩት፤
የመዳቡን ቆብ ከማን? አልናገርም፤ ምዬ ነው የወሰድኩት።

ከድንጋይ ካባው ጓሮ፣ ሳጅኑም አብሮን መጥቶ፣
ወረቀቱ ቆመ፣ ከአፈር ክምር ፊት፣ ነጭ ለብሶ፣ ተዘጋጅቶ።
ባሩዱን ሰፍሬ፣ አረሩን በጨርቅ ጠቅልዬ፣
በዘንጉ ገፋሁት፣ ቀስ ብዬ፣ ቀስ ብዬ፤
ቆቡን ደፋሁለት፤ መዶሻው ቀና አለ፣
ትንፋሼን ያዝሁት፤ ልቤ ግን ዘለለ።

ጠጵ።
ቆቡ ብቻ ነደደ። ሳጅኑ ሳቀ።
ኦብሴ ቀዳዳውን በመርፌ ወጋግታ «አሁን» አለች።

ጠቅ፣ ከዚያ ከሆድ የመጣ ድምፅ፤ ትከሻዬን መታ፤
ነጭ ጭስ ዓለሙን ሸፈነው፣ በበሰበሰ እንቁላል ሽታ።
መታሁ ወይስ ሳትሁ? ጭሱ እስኪነሣ መጠበቅ ነበረብኝ፣
ያ የአዳማ ነፋስ፣ ሌላ ቀን አቧራ የሚግተኝ፣ ዛሬ ሲለግምብኝ።

ሳትሁ። ወደ ግራ፣ አንድ ክንድ ሙሉ።
ኮረብታው ላይ የነፋስ መብራት ማመንጫዎቹ ክንፋቸውን ሲያዞሩ አየሁና፣
ስድስት ጭረት ወደ ቀኝ ገፋሁ፤ ሠሪው ይህን ነፋስ ሳያውቀው አስቦታልና።
አራተኛው ጠርዙን ነካ። ስድስተኛው ከመሀል ሦስት ጣት ቀረው።
ሰባተኛ አልነበረም፤ እርሳሱ ያን ያህል ነው።

ማታ መዝገቡን ገለጥሁ። ያቺን የነጥብ መሥመር፣
ያን ሁሉ ዓመት ሰው የጠበቀች፣ ባዶዋን ስታድር፣
ስሜን ሞላሁባት፦ ተረካቢ፣ ወርዶፋ ዱባለ፤
«ጉድለት» ከሚለው ሥር፦ «ዘንጉ ተጣሟል። ሌላው ሁሉ አለ።»

በማግስቱ ጋሽ ሸዋረጋ ወረቀቱን ጠየቁኝ።
ከቀረቻቸው ጣት ትንሿን ቀዳዳው ውስጥ አስገብተው
ብዙ ቆዩ።
«አልጮኸም?» አሉ።