ሁለተኛው ሳጥን

ቫርዶ ላይ፣ ዓሣ ከሚቀዘቅዝበት ቤት፣ ከላይኛው ፎቅ፣
ሲግሩን ሁለት ራውተር ተከለች፤ አንዱ ሠራተኛ፣ አንዱ የሚጠብቅ።
ደረሰኙን አየ ኦድቫር፦ «ሥራ ፈት ልቀልብ እንዴ?»
ፈረመ ግን፣ እያጉረመረመ፦ «እሺ፣ ይሁንልሽ አንዴ።»

አምስት ክረምት ቆመ ሳጥኑ፣ አረንጓዴ ዓይኑን ከፍቶ፣
አንድ ቃል ሳያሳልፍ፣ እንቅልፍ የሚባል ረስቶ።

በጥር ሌሊት አንደኛው ሞተ።
ሦስት ሰከንድ ጨለመና ጨረታው ዳግም ቀጠለ፤
ማንም ቀና ብሎ አላየ፣ ማንም «ማን ሞተ?» አላለ።

ሲግሩን ብቻ፣ ካርታው ላይ ጣቷን እንዳሳረፈች ቀረች፦
ሁለቱም ገመድ ባንድ ቦይ፤ ያስቀበረች እሷ ነበረች።

«ሁለት ገመድ ባንድ ችንካር፣ አንድ ነው» አላት ሃልቮር፣ መረቡን እየቋጠረ።
«ሌላ ቦይ፣ በሌላው ዳር» ብላ ጻፈች፤
መሬቱ ገና በረዶ ነበረ።